የተረፉት ሁለት ቀናት

በካሳራኒ፣ ከምዊኪ መንገድ ገባ ብሎ ከተደረደሩት የኪራይ ፎቆች በአንዱ፣ ከአልጋ ሥር የሚቀመጥ አንድ የብስኩት ጣሳ አለ። የክዳኑ ሥዕል ከመታሸት ብዛት ጠፍቶ ቆርቆሮው ብቻ ያብረቀርቃል። የጣሳው ባለቤት ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ ናይሮቢን ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩባት ኢትዮጵያዊት እናት ናቸው። በሰው አገር የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለው ጣሳ የቤቱ መዝገብ ቤት ነው። ቤት ሲቀየር ከዕቃው ሁሉ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፤ ለተሸካሚ የማይሰጠውም እሱ ነው።

በጣሳው ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ቀን ያልተቆረጠለት የለም ማለት ይቻላል። የውጭ ዜጋ መታወቂያው ይታደሳል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ይታደሳል፤ ፓስፖርቱም ገጹ ሳያልቅ ዕድሜው ያልቃል። ገንዘብ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ ኖት ስታወጣ የቀድሞው ባለ1,000 ሽልንግ እስከ ሴፕቴምበር 30 ብቻ እንዲሠራ አዋጅ ወጣ፤ ከጣሳው ሥር ተጣጥፈው የተረሱት ሁለት ኖቶች የተገኙት ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ኢትዮጵያ ብሯን ለወጠች፤ ‹‹አገር ስንገባ ለታክሲ ይሆናል›› ተብሎ የተቀመጠው መቶ ብርም እንደዚያው ቀረ። ጀርባቸው ቀይ ካርቦን የተቀባ የአውሮፕላን ትኬቶችም አሉ፤ በ2008 አየር መንገዶች ተስማምተው ሁሉን ወደ ኤሌክትሮኒክ ከመለወጣቸው በፊት የነበሩት ዓይነት። እነዚህን የሚይዝ ሰው ዛሬ ለልጅ ከማሳየት በቀር የሚያደርግባቸው ነገር የለም።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል በላስቲክ የታሰሩ ሦስት ካርዶች ነበሩ። ሦስቱም አንድ ስለሚመስሉ እንዳይቀላቀሉ ተብሎ በጀርባቸው በእስክሪብቶ ተጽፎባቸዋል፤ በአንዱ ‹‹አባት››፣ በሁለተኛው ‹‹እናት››፣ በሦስተኛው ‹‹ልጅ››። ጽሕፈቱ የአባትየው ነው። ካርዶቹ በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ኦርላንዶ አጠገብ የሚገኘው የዋልት ዲዝኒ ወርልድ የመዝናኛ ስፍራ የአምስት ቀን መግቢያ ትኬቶች ናቸው። ሦስቱ ቀናት ተበልተዋል። ሁለቱ ተርፈዋል።

ልጅቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች አንድ ቀን ጣሳው ተከፍቶ ሳለ ካርዷን አንስታ ደቃቁን እንግሊዝኛ ለእናቷ ተረጎመችላቸው። ያልተጠቀሙባቸው ቀናት ጊዜ አያልፍባቸውም ይላል።

‹‹ጊዜ አያልፍም?›› አሉ እናትየዋ። ‹‹የማን ጊዜ?››

ልጅቱ መልስ አልነበራትም። በአማርኛ የወረቀትም የሰውም ነገር በአንድ ግሥ ይነገራልና፣ በቤቱ ውስጥ ያለፈው ወረቀት ብቻ እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አባትየው የነፍሳት ሰው ነበሩ። እዚያው ካሳራኒ፣ ዱዱቪል በሚባለው ግቢ፣ በ1970 በኬንያዊው ሳይንቲስት በቶማስ ኦዲያምቦ በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ይሠሩ ነበር። ‹‹ዱዱ›› በስዋሂሊ ነፍሳት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጆችም ‹‹ባባ ዱዱ›› ይሏቸው ነበር። ሥራቸው በቆሎና ማሽላ የሚጨርሰው የአገዳ ቆርቁር ላይ ነበር። ማዕከሉ ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው አንድ ዘዴ አለ፤ በበቆሎው መካከል ቆርቁሩ የሚሸሸው ተክል ይዘራል፣ በማሳው ዙሪያ ደግሞ ቆርቁሩ የሚወደው ሣር ይተከላል፤ ተባዩ ከውስጥ ይባረራል፣ ከውጭ ይጠራል። አባትየው ይህን ለማንም ሰው፣ ማታቱ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠ መንገደኛ ሳይቀር፣ በደስታ ያስረዱ ነበር። ኋላ ከ2013 እስከ 2023 ያንኑ ማዕከል ኢትዮጵያዊቷ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በዋና ዳይሬክተርነት መርተውታል። እናትየዋ ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ‹‹ይህን ሳያይ!›› ይላሉ።

ወደ ፍሎሪዳ የሄዱት በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ማለቂያ ነው። የአባትየው ታላቅ ወንድም ታምፓ ይኖር ነበርና ‹‹አንድ ጊዜ እንኳ ልያችሁ›› ብሎ የመንገዱን ወጪ ቻለ። የመዝናኛ ስፍራውን ትኬት ግን አባትየው ራሳቸው ገዙ። ለአንድ ሰው ከ200 ዶላር በላይ ነበር፤ በዱዱቪል ደመወዝ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስሌታቸው ግልጽ ነበር። የአንድ ቀን ትኬት ለብቻው ውድ ነው፤ ቀኑ በበዛ ቁጥር የአንዱ ቀን ዋጋ ይረክሳል። የሚተርፈው ቀን ደግሞ አይሞትም። በዚያን ዘመን የብዙ ቀን ትኬት የተረፈው ቀን ሁሉ ሳይቃጠል ይቆይ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ግን አዲሶቹ ትኬቶች ቀነ ገደብ ተበጀላቸው፤ የማያልፍ ትኬት የፈለገ ተጨማሪ ይከፍል ጀመር። በ2015 ያም ቀረ። የቀድሞዎቹን ግን ድርጅቱ አልሻራቸውም።

አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያውም የተከለከለ ነው። የተጀመረ ትኬት ለጀመረው ሰው እንጂ ለሌላ አያገለግልም። የፍሎሪዳ ሕግም ተጀምሮ የተረፈን የብዙ ቀን ትኬት መሸጥን ይከለክላል፤ ከመንገድ ዳር የተረፈ ቀን ገዝተው የሚቸረችሩ ደላሎች ስለነበሩ ነው። አባትየው ይህንንም አንብበውታል። የሚሸጥ ነገር ስላልነበራቸው አላሳሰባቸውም።

ስለ ሦስቱ ቀናት በዚያ ቤት ብዙ ተወርቷል። የስድስት ዓመቷ ልጅ አኒማል ኪንግደም በሚባለው ክፍል ‹‹ሃራምቤ›› የተባለ የምሥራቅ አፍሪካ መንደር ተሠርቶ፣ ግድግዳው ሆን ተብሎ እንዲያረጅ ተደርጎ፣ በስዋሂሊ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎበት ብታይ ጮክ ብላ ሳቀች። ‹‹የውሸት ኬንያ!›› አለች። ከዚያ በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ ስሙ ‹‹የኪሊማንጃሮ ሳፋሪ›› በተባለ ጉብኝት ዝሆንና አንበሳ አዩ። በ1946 የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከቤታቸው የአንድ ከተማ መንገድ ብቻ ሲሆን፣ እነሱ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ተሰልፈው ነበር። ወደ ናይሮቢው ፓርክ ደግሞ እስከዚያ ቀን ሄደው አያውቁም። (አሁንም አልሄዱም።)

እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በትልቁ ሰው ሠራሽ ዛፍ ሥር፣ ስለ ነፍሳት የሚያሳይ ትርኢት ነበር። ተመልካቹ ልዩ መነጽር ያደርጋል፤ ምስጥ ምራቁን ሲተፋ ፊት ላይ ውኃ ይረጫል፤ ገማ የሚባለው ነፍሳት ሲመጣ አዳራሹ ይሸታል፤ ተርብ ሲነድፍ የወንበሩ መደገፊያ ጀርባ ይወጋል። በመጨረሻም ተመልካቹ ሳይነሣ መጀመሪያ ነፍሳቱ እንዲወጡ ይነገርና ከመቀመጫው ሥር አንድ ነገር እየተርመሰመሰ ያልፋል። ሕፃናቱ አለቀሱ። አባትየው ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሲወጡ የምስጡን አሠራር አርመው፣ የተርቡን አድንቀው፣ ‹‹ሰው ለነፍሳት ቅድሚያ የሰጠበት ብቸኛ አዳራሽ›› አሉት። ይህችን አባባል በሥራ ባልደረቦቻቸው ፊት ለዓመታት ደጋግመዋታል።

በሌላው ቀን፣ ኤፕኮት በሚባለው ክፍል፣ በጀልባ ተቀምጦ በመስታወት ቤት ውስጥ የበቀሉ ሰብሎችን የሚያሳይ ጉብኝት አለ። ተባይን በሌላ ነፍሳት መከላከል እንዴት እንደሚቻል እዚያ ይነገራል። አባትየው ሦስት ጊዜ ተሰልፈው ሦስት ጊዜ ተሳፈሩ። እናትና ልጅ በሁለተኛው ላይ ደክሟቸው ውጭ ተቀምጠው ጠበቋቸው።

ቀሪዎቹን ሁለት ቀናት ያስቀረው ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። በማጂክ ኪንግደም ‹‹ስፔስ ማውንቴን›› የሚባል፣ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በከዋክብት መካከል የሚበር ሮለር ኮስተር አለ። ለመሳፈር ቁመት 112 ሴንቲ ሜትር መሙላት ግዴታ ነው። ልጅቱ ከመለኪያው ሥር ቆመች፤ 109 ሆነች። ጣቷ ላይ ብትቆም ሠራተኛው ፈገግ ብሎ ተረከዟን እንድታወርድ ነገራት። ለቅሶዋ ለእናቷ እስከ ዛሬ በጆሯቸው አለ። አባትየው ተንበርክከው እንዲህ አሏት፦ ‹‹ሁለቱን ቀን አንበላቸውም። እናስቀምጣቸዋለን። አንቺ ስታድጊ እንመለሳለን።›› ወንድምየው በነጋታው ሊወስዳቸው መኪናውን ሞልቶ ነዳጅ ቀድቶ ሳለ ‹‹ተወው፣ ቃል ገብቻለሁ›› አሉት። ወንድምየው ተቆጣ። በእጅ ያለ ቀን እንዴት ለማይታወቅ ጊዜ ይተዋል? ተቆጪው ትክክል እንደነበረ መከራከር ይቻላል።

ካሳራኒ በተመለሱ በሳምንቱ አባትየው ሜትር አመጡና በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አሰመሩ፤ አጠገቡም ‹‹112›› ብለው ጻፉ። ልጅቱ በየወሩ ትለካ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አጋማሽ ላይ አለፈችው። የዚያን ቀን ማታ ለስላሳ ተገዝቶ በቤቱ ድግስ ሆነ። ነገር ግን መንገድ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ቢገኝ ቪዛ ይፈልጋል፣ ቪዛ ሲታሰብ የትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል። ‹‹ለከርሞ›› እየተባለ አምስት ዓመት ሄደ። በ2009 አባትየው ታመሙ፤ ዓመቱ ሳይወጣ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ የናይሮቢ ኢትዮጵያውያን አዋጥተው ነው የላኩት። በዚያው ሰሞን የቲካ መንገድ ግንባታ ተጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ አቧራ ነበር። እናትየዋ ያንን ዓመት ሲያስታውሱ ከሐዘኑ እኩል አቧራውን ያነሣሉ፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ጫማውን እያራገፈ ሲገባ ይታያቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ቤት ተቀየረ። የቀድሞው ቤት ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ መቃኑም፣ መስመሩም አብረው ሄዱ። እናትየዋ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች በማቅረብ ልጃቸውን አስተማሩ። በኤፕሪል 2014 በጸጥታ ዘመቻ ብዙ ሺህ ሰው፣ ይልቁንም ሶማሌዎች፣ ወረቀቱ እስኪጣራ ድረስ በካሳራኒው ስታዲየም ታጉሮ በነበረ ጊዜ፣ ለ1987ቱ የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች የተሠራውን ያንን ስታዲየም በመስኮታቸው እያዩ ጣሳውን ከአልጋ ሥር አውጥተው ትራስጌያቸው አድርገው አደሩ። ‹‹ፖሊስ ቢመጣ ሁሉንም ነበር የማሳየው›› ይላሉ። ሦስቱን ካርዶች ጭምር ማለታቸው ነው፤ ልጅቱ ይህን ስትሰማ ሁልጊዜ ትስቃለች።

በ2019 ልጅቱ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አትላንታ ሄደች። የራሷን ካርድ ይዛ እንድትሄድ እናቷ ለምነዋት ነበር። ‹‹ካንቺ ጋር ካልሆነ አልሄድም›› አለች። በ2020 ወረርሽኙ መጣ፤ መዝናኛ ስፍራው ራሱ ከማርች እስከ ጁላይ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የእናትየዋ የቪዛ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው፣ በ2024፣ ተሰጣቸው። ልጅቱ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር።

በኖቬምበር 2024፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ እናትና ልጅ ከማጂክ ኪንግደም በር ፊት ለፊት ቆሙ። የድሮ ትኬት የያዘ ሰው በቀጥታ ወደ በሩ አይሄድም። ካርዱን የሚያነቡት የቀድሞዎቹ ማሽኖች ከዐሥር ዓመት በፊት ተነሥተዋል፤ በምትካቸው ካርድ ወይም አምባር ሲጠጋባቸው የሚበሩ ምሰሶዎች ቆመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የእንግዳ ማስተናገጃው መስኮት ጋ መሰለፍ ያስፈልጋል። ልጅቱ ሌሊቱን አልተኛችም። የሃያ አንድ ዓመት ፕላስቲክ ዋጋ የለውም ቢሏት፣ እናቷ ፊት ምን እንደምትሆን ስታስብ ነበር። ለጥንቃቄ የአዲስ ትኬት ዋጋም አይታለች፤ በ2003 ለአንድ ቀን ሃምሳ ዶላር ገደማ የነበረው አሁን ከመቶ በላይ ሆኖ፣ በገና ሰሞን ወደ ሁለት መቶ ይጠጋል።

በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ በዕድሜ የገፋች ነበረች። ካርዶቹን ስታይ አልተገረመችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣላት ትመስል ነበር። ገልብጣ በጀርባቸው ያለውን ፊደል ጥቂት ተመለከተችና ቁጥሩን ወደ ኮምፒዩተሯ አስገባች። የእናትየዋ ሁለት ቀን፣ አለ። የልጅ ትኬት ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ከመስኮቱ ወዲያ የቆመችውን ረጅም ሴት አየች። ልጅቱ ልዩነቱን ልትከፍል ቦርሳዋን ከፈተች። ሠራተኛዋ ግን በነፃ ወደ አዋቂ ቀየረችላት። ስላደጉ አናስከፍልም አለች።

ሦስተኛውን ካርድ ያቀረቡት ልጅቱ አልነበረችም። እናትየዋ ናቸው ከላስቲኩ አውጥተው በመስኮቱ ሥር ያሾለኩት። ሠራተኛዋ አየችውና አንድ ነገር ጠየቀች።

‹‹ምን አለች?›› አሉ እናትየዋ።

‹‹ሁለት ቀን አለው፣ ዛሬ አብሯችሁ ነው ወይ? ነው የምትለው።››

እናትየዋ ትንሽ ዝም አሉ። ‹‹አልመጣም በያት።››

ልጅቱ እንደተባለችው ተረጎመች፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ሠራተኛዋም ካርዱን ከመጣበት መለሰችው። እሱ በሌለበት ለሌላ ሰው ልታደርገው እንደማትችል ይቅርታ ጠይቃ ነገረቻቸው። ቀናቱ ግን የትም አይሄዱም፤ ሲመጣ ይጠቀምባቸዋል። ልጅቱ ይህንንም ተረጎመች። እናትየዋ ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ብለው ካርዱን በላስቲኩ መልሰው አሰሩት፤ ብቻውን ስለሆነ ላስቲኩን ሁለት ጊዜ አጠፉት።

በሩ ላይ ጣት እንዲያስነኩ ተጠየቁ። በናይሮቢ ለመታወቂያና ለፈቃድ አሻራ ሲሰጡ የኖሩት ወይዘሮ ‹‹እዚህም?›› ብለው ሳቁ። ውስጥ ገብተው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ስፔስ ማውንቴን ነው። ልጅቱ ከመለኪያው አጠገብ ቆመች፤ ደረቷ ጋ እንኳ አልደረሰም። እናትየዋ ልባቸውን ስለሚያማቸው ውጭ ቀሩ። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው። ስትወጣ ‹‹እንዴት ነው?›› አሏት። እንዳትዋሽ አሰበችና ‹‹ያን ያህል አይደለም፣ እማዬ›› አለች። ሁለቱም ቆመው ብዙ ሳቁ፤ በሳቁ መካከል አንደኛቸው አለቀሱ፣ የትኛቸው እንደሆኑ ግን ሁለቱም አይስማሙም።

በሁለተኛው ቀን ትኬቱ በአንድ ቀን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መዛወር የሚፈቅድ ዓይነት ስለነበር፣ ጧት ወደ ነፍሳቱ ትርኢት፣ ከሰዓት በኋላ ወደ መስታወት ቤቱ ጀልባ ሄዱ። ምስጡ አሁንም ይተፋል፣ ተርቡም ይነድፋል። በመጨረሻ ነፍሳቱ ቀድመው ይውጡ ሲባል፣ ሌላው ሰው ወንበሩ ሲንቀሳቀስበት እየጮኸ ሲነሣ፣ እናትየዋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሁሉም እስኪያልፉ ጠበቁ። በጀልባውም ሦስት ጊዜ ተሳፈሩ። በሦስተኛው ልጅቱ ለመተኛት ምንም አልቀራትም ነበር። እናቷ ግን ስለ አገዳ ቆርቁር፣ ስለሚያባርረው ተክልና ስለሚጠራው ሣር፣ አጠገባቸው ለተቀመጡት የማያውቋቸው ሰዎች በስዋሂሊ በተቀላቀለ እንግሊዝኛ ያስረዱ ነበር።

በጃንዋሪ ወደ ካሳራኒ ተመለሱ። በማርች 2025 ልጅቱ ደወለች፤ ያ የነፍሳት ትርኢት ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ መዘጋቱን አንብባ ነበር።

‹‹ዱዱዎቹ ተዘጉ?››

‹‹ተዘጉ፣ እማዬ።››

በስልኩ ውስጥ የጣሳው ክዳን ሲከፈት ተሰማ።

‹‹የእሱ ሁለት ቀንስ?››

‹‹እሱማ አለ።››